በሰልፍ ላይ ከጎንዎ የሚሄደው ማን ነው?

አንባቢ ሆይ! ለጥቂት ጊዜ ራስዎን በሌላ ሰው ቦታ አድርገው ያስቡ። ሱቅዎ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቷል፤ ልጅዎ ከትምህርት ቤት ቀርቷል፤ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉትን እናትዎን እንዳይጠይቁ ተከልክለዋል። ቅሬታዎን ለመግለጽ ወደ አደባባይ ይወጣሉ፤ ሕጉም ይፈቅድልዎታል። ከፊትዎ ሕፃን ያዘለች እናት ትሄዳለች። ከኋላዎ ጡረታ የወጡ መምህር ይከተላሉ። ከቀኝዎ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የወደቀ መንግሥት ሰንደቅ ዓላማ የተሸከመ ጎልማሳ አለ። ሰላም ይልዎታል፤ እርስዎም በትሕትና ይመልሳሉ። ማታ ቴሌቪዥን ሲከፍቱ ከሁሉ ጐልቶ የሚታየው ያ ባንዲራ ነው። እንግዲህ የዚያ ቀን ሰልፍ የማን ነበር? የእርስዎ ወይስ የባለ ባንዲራው?

ይህ ለጨዋታ ያህል የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት ዘመን፣ ከ2020 እስከ 2022 ድረስ፣ በጀርመን አገር በየአደባባዩ የወጣው ሕዝብ ሁሉ የገጠመው ጥያቄ ነው። (ቀኑንና ዓመቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።) ተማሪም ይሁኑ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ጸሐፊ፣ የዚህን ታሪክ አካሄድ ማወቅ ይጠቅምዎታል። ተማሪው ነገ ሰልፍ ይወጣ ይሆናል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ሰልፈኛው የሚጮኽበትን ደንብ በሥራ ላይ የሚያውለው እርሱ ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በማርች ወር 2020 በሽታው በአውሮፓ ሲሰራጭ የጀርመን ባለ ሥልጣኖች ትምህርት ቤቶችን፣ አብዛኞቹን ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችንና የጸሎት ቤቶችን ዘጉ። የሚበዛው ሕዝብ ደንቡን ተቀበለ። ይሁን እንጂ ገቢው የተቋረጠበት፣ ዘመዱን በወጉ መቅበር ያልቻለ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከነልጆቹ ታጉሮ የሰነበተ ሰው ብዙ ነበር። ቅሬታው ባዶ አልነበረም። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ራሱ፣ በኤፕሪል 15 ቀን 2020 በጊሰን ከተማ በተነሣ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ ወረርሽኝ ስለሆነ ብቻ ሰልፍን ሁሉ በደፈናው መከልከል እንደማይገባና ባለ ሥልጣኑ እያንዳንዱን ጉዳይ ለየብቻው መመርመር እንዳለበት አስገንዝቧል።

በዚያው የጸደይ ወራት በሽቱትጋርት ከተማ ሚኻኤል ባልቬግ የሚባል የኮምፒዩተር ሥራ ባለቤት «ክቬርዴንከን 711» የተባለውን እንቅስቃሴ መሠረተ። ስሙ በአማርኛ ቢፈታ «ከተለመደው መስመር ወጣ ብሎ ማሰብ» እንደ ማለት ነው፤ ቍጥሩም የከተማዪቱ የስልክ መለያ ነው። ብዙም ሳይቈይ ሌሎች ከተሞች በየራሳቸው የስልክ ቍጥር ተመሳሳይ ማኅበር አቋቋሙ። ወደ ሰልፉ የሚመጡትም እጅግ የተለያዩ ነበሩ፤ የባህል መድኃኒት ወዳጆች፣ ክትባት የሚጠሉ ወላጆች፣ የሰላም ማኅበርተኞች፣ ሃይማኖተኞች፣ ምግብ ቤታቸው የተዘጋባቸው ነጋዴዎች።

በስዊስ አገር የባዝል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2020 መጨረሻ ከ1000 የሚበልጡ የእንቅስቃሴውን ደጋፊዎች ጠይቀው ነበር። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። ከተጠየቁት የሚበዙት የመካከለኛ ኑሮ ያላቸው የተማሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ በቀደመው ምርጫ ድምፃቸውን ለአረንጓዴው ፓርቲና ለግራው ፓርቲ የሰጡት ጥቂቶች አልነበሩም። ለሚቀጥለው ምርጫ ግን «አማራጭ ለጀርመን» ወደሚባለው የቀኝ ፓርቲ የሚያዘነብሉት ቍጥር ከቀድሞው ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን ልብ ይበሉ፤ ሰልፉን የጀመሩት ቀኝ አክራሪዎች አልነበሩም። እነርሱ የመጡት ተዘጋጅቶ ወደ ቈያቸው ሕዝብ ነው።

ጅብ በማያውቁት አገር

አባቶቻችን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል» ይላሉ። የጀርመን ቀኝ አክራሪዎች ለብዙ ዓመታት በገዛ ስማቸው ሰልፍ ሲጠሩ የሚወጣላቸው ሰው ብዙውን ጊዜ በመቶዎች የሚቈጠር ነበር፤ ሊቃወማቸው የሚመጣው ሕዝብም ብዙ ጊዜ ይበልጣቸዋል። በ2020 የበጋ ወራት ግን በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው፣ በር ጠባቂ በሌለበት አደባባይ፣ ተቈጥቶ ቆሞ አገኙ። አዘጋጆቹም «እኛ ግራም ቀኝም አይደለንም፤ ሁሉም ይምጣ» ይሉ ነበር። ለጅቡ ከዚህ የሚሻል አገር ከየት ይገኛል?

ከመጡት መካከል «ራይሽስቡርገር» ማለትም «የራይሽ ዜጎች» የሚባሉት ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የቀድሞው የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ዛሬም አለ፣ የአሁኑ መንግሥት ግን ሕጋዊ አይደለም ብለው የሚያምኑ ናቸው። ግብር አንከፍልም ይላሉ፤ የራሳቸውን መታወቂያ ወረቀትና የመንጃ ፈቃድ ያትማሉ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2022 ቍጥራቸውን 23,000 ያህል ብሎ ገምቷል።

ባንዲራቸው ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ነው። የሂትለርን ስዋስቲካ በአደባባይ ማውለብለብ በጀርመን ሕግ ወንጀል ነው። ይህ ባንዲራ ግን ከ1871 እስከ 1918 የነበረው መንግሥት ስለሆነ በጠቅላላው አልተከለከለም። ስለዚህ የዛሬዎቹ የናዚ ደቀ መዛሙርት የተከለከለውን ትተው ያልተከለከለውን ያነሣሉ። የሚያውቀው ሰው ምን እንደሚሉ ይረዳል፤ የማያውቀው አጠገቡ ቢውለበለብም ግድ አይሰጠውም።

ይዘውት የመጡት ሸቀጥ ባንዲራ ብቻ አልነበረም፤ ለሰው ጭንቀት የተሰናዳ ማብራሪያም ነበር። ሐኪሙ «በሽታው አዲስ ነው፤ ገና እየመረመርን ነው» ሲል እነርሱ ግን «ጥቂት ስውር ባለጸጎች አቅደው ያመጡብህ ነው» ይላሉ። ስውሮቹ እነማን እንደሆኑ ሲጠየቁ መልሱ ብዙውን ጊዜ አይሁድን ወደ መክሰስ፣ ያም ካልሆነ የውጭ አገር ተወላጅን ወደ መጥላት ያደርሳል። የዚህ ጥላቻ ትንፋሽ ከጀርመን ውጭም ይሰማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም፣ በጥቁርነታቸው እየተሰደቡና ሞት እየተዛተባቸው ከሁለት ወር በላይ እንደቈዩ በኤፕሪል 2020 ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

የእንቅስቃሴው መሪዎች በጽሑፋቸው አክራሪነት በመካከላችን ቦታ የለውም ብለው ነበር። ነገር ግን በኖቬምበር 2020 ባልቬግ ራሱ ፔተር ፊትሴክ ከተባለ ሰው ጋር ስብሰባ ተቀመጠ። ይህ ፊትሴክ በ2012 ራሱን በራሱ አንግሦ «የጀርመን መንግሥት» የሚባል ግዛት አቋቁሜያለሁ ያለ ሰው ነው። (ድርጅቱን የጀርመን አገር ግዛት ሚኒስቴር በሜይ 2025 አግዶታል፤ «ንጉሡም» ተይዟል።) የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ አገር የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2020 ክቬርዴንከንን በክትትል ሥር አደረገ።

ሦስት ፖሊሶች በደረጃው ላይ

ከሁሉ የታወቀው ቀን ኦገስት 29 ቀን 2020 ነው። የበርሊን ከተማ ባለ ሥልጣኖች ሰልፉን ከልክለው ነበር፤ ፍርድ ቤት ግን ክልከላውን ሻረው። ፖሊስ እንደገመተው 38,000 ያህል ሰው ወጣ። የሚበዛው በሰላም ውሎ በሰላም ተመለሰ። በሩሲያ ኤምባሲ ፊት ለፊት ግን የራይሽ ዜጎችና ቀኝ አክራሪዎች በፖሊስ ላይ ጠርሙስና ድንጋይ ወረወሩ።

አመሻሹ ላይ በምክር ቤቱ ሕንፃ በራይሽስታግ ፊት፣ ከዋናው ሰልፍ የተለየ ሌላ ስብሰባ ነበር። አንዲት ተናጋሪ ከመድረክ ሆና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ በርሊን ገብተዋል፣ ፖሊሶችም ከእኛ ጋር ሆነዋል እያለች ሕዝቡን ወደ ደረጃው ጠራች። ትራምፕ በርሊን አልነበሩም፤ ፖሊሶቹም አልከዱም። ቢሆንም ከ300 እስከ 400 የሚሆኑ ሰዎች አጥሩን ጥሰው፣ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ባንዲራ እያውለበለቡ፣ ደረጃውን ወጥተው እስከ በሩ ደረሱ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው ነው።

በዚያች ሰዓት በበሩ ላይ የነበሩት ሦስት ፖሊሶች ብቻ ናቸው። ረዳት እስኪደርስ ድረስ ያን ሕዝብ እየገፉ አቆሙት፤ ማንም ወደ ውስጥ አልገባም። ፕሬዚዳንት ሽታይንማየር በተከታዩ ሰኞ የፖሊስ አባሎችን በቤተ መንግሥታቸው ተቀብለው አመሰገኑ።

«ሕንፃ ነው፤ ደረጃ ነው፤ ምን ያስደንቃል?» ይሉ ይሆናል። ይህ ቤት ግን በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1933 የተቃጠለው ነው። በማግሥቱ የሂትለር መንግሥት ቃጠሎውን ምክንያት አድርጎ የመናገርን፣ የመሰብሰብንና የግል ነጻነትን መብት በአንድ አዋጅ ሻረ። ለጀርመኖች ያ ባንዲራ በዚያ ደረጃ ላይ መታየቱ አሮጌ ቍስል እንደመንካት ነበር። ከዚህም የከፋው፣ በቀን በሰላም የወጡት የብዙ ሺህ ሰዎች ቅሬታ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ተውጦ መቅረቱ ነው። በዓለም ጋዜጣ ላይ የታተመው የነጋዴው ወይም የእናቲቱ ፊት አልነበረም።

ቃል ሲሰረቅ

አክራሪ ሰው ዱላ ከማንሣቱ በፊት ቃል ይሰርቃል። በኦገስት 1 ቀን 2020 በበርሊን ለተደረገው የመጀመሪያ ትልቅ ሰልፍ የተሰጠው ስም «የነጻነት ቀን» የሚል ነበር። ቃሉ ያማረ ነው። ነገር ግን በ1935 ሌኒ ሪፈንሽታል ለናዚ ፓርቲ የሠራችው ፊልም ስሙ ይኸው ነበር።

ሌሎች ደግሞ «ያልተከተበ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ኮከብ በደረታቸው ላይ ለጠፉ። ቢጫ ኮከብ ናዚዎች አይሁድን ለይተው ለማዋረድ፣ ኋላም ለመግደል ያስለበሱት ምልክት ነው። ገበያ ሲገቡ አፍና አፍንጫን መሸፈን ከዚያ ጋር ሲወዳደር፣ የሞቱት 6 ሚሊዮን ሰዎች መከራ እንደ ተራ ነገር ተቈጠረ ማለት ነው። የሙኒክ ከተማ በ2020 ይህን ምልክት በሰልፍ ላይ ማድረግን ከለከለ።

ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «ሽርሽር» የሚለው ቃል መጣ። ሰልፍ ከተባለ ማስታወቅ፣ ኀላፊ መሰየም፣ ደንብ ማክበር ግዴታ ነው። «ሰልፍ አይደለም፤ ሰኞ ማታ ሽርሽር ወጥተን ነው» ካሉ ግን ኀላፊ የሚባል ሰው አይኖርም። በሳክሶኒ ክፍለ አገር ይህን ሽርሽር በየከተማው ያስተባብር የነበረው በ2021 የተመሠረተው «ነጻ ሳክሶኖች» የተባለው ፓርቲ ነው፤ የክፍለ አገሩ የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ቀኝ አክራሪ ብሎ መድቦታል። ጥሪው የሚተላለፈው ቴሌግራም በሚባለው የስልክ መልእክት መስመር ስለሆነ፣ ተከታዩ ጠሪው ማን እንደሆነ ሳይመረምር በሰዓቱና በቦታው ይገኝ ነበር።

ከቃል ወደ እሳት

በዲሴምበር 3 ቀን 2021 ማታ 30 ያህል ሰዎች ችቦ ይዘው የሳክሶኒ የጤና ሚኒስትር በሆኑት በፔትራ ከፒንግ መኖሪያ ቤት ደጃፍ ቆመው ጮኹ። ልብ ይበሉ፤ ወደ ቢሮ አይደለም፤ ወደ ቤት ነው። በኤፕሪል 2022 ፖሊስ የፌዴራሉን የጤና ሚኒስትር ካርል ላውተርባኽን ለመጥለፍና የአገሪቱን የኤሌክትሪክ መስመር ለመቍረጥ ያሴሩ ሰዎችን ያዘ። የኮብለንዝ ፍርድ ቤት በማርች 2025 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ እስራት ቀጣቸው።

በዲሴምበር 7 ቀን 2022 ደግሞ 3,000 ያህል ፖሊሶች በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ፍተሻ አድርገው 25 ሰዎች ያዙ። ከተያዙት መካከል ልዑል ሃይንሪኽ 13ኛ ሮይስ፣ አንዲት ዳኛና የቀድሞ የምክር ቤት አባል፣ እንዲሁም የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ የከሰሳቸው መሣሪያ ይዘው ወደ ምክር ቤቱ ለመግባትና መንግሥቱን ለመገልበጥ አሲረዋል ብሎ ነው፤ ክሱም በ2024 በሦስት ከተሞች መታየት ጀመረ። ከተከሳሾቹ አንዳንዶቹ ቀደም ሲል በኮሮና ተቃውሞ መድረክ የታወቁ ነበሩ።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርብዎት ታሪክ ግን ሌላ ነው። በሴፕቴምበር 18 ቀን 2021 ኢዳር ኦበርሽታይን በምትባል ከተማ፣ በነዳጅ ማደያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የሚሠራ የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። አንድ ደንበኛ ያለ መሸፈኛ ቢራ ሊገዛ ሲመጣ፣ ደንቡ አይፈቅድም ብሎ መለሰው። ሰውዬው ቤቱ ሄዶ ሽጉጥ ይዞ ተመለሰና ወጣቱን ገደለው። በምርመራ ጊዜም በወረርሽኙ ደንብ ተማርሮ እንደነበረና ምሳሌ ለማሳየት እንደፈለገ ተናገረ። በአንዳንድ የቴሌግራም መስመሮች ግድያውን ያወደሱ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በ2022 የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት።

ያ ወጣት ደንቡን አላወጣም። ሚኒስትርም ሐኪምም አልነበረም። በመስኮቱ በኩል የቆመ ሠራተኛ ብቻ ነበር። ጥላቻ ከላይ ያለውን ማግኘት ሲያቅተው በመስኮቱ በኩል ያለውን ይመታል።

በሮም የሆነው

ነገሩ የጀርመን ብቻ እንዳይመስልዎት አንድ ምሳሌ ከኢጣሊያ እንጨምር። የኢጣሊያ መንግሥት ከኦክቶበር 15 ቀን 2021 ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ «አረንጓዴ ፈቃድ» የተባለውን የክትባት ወይም የምርመራ ማስረጃ እንዲይዝ አዘዘ። በኦክቶበር 9 ቀን በሮም በተደረገው ተቃውሞ፣ «ፎርሳ ኑኦቫ» የተባለው የአዲስ ፋሺስቶች ፓርቲ መሪዎች የሕዝቡን አንድ ክፍል ወደ ትልቁ የሠራተኞች ማኅበር ጽሕፈት ቤት መርተው ቤቱን ሰበሩት። የሙሶሊኒ ጥቁር ሸሚዞች በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሠራተኛውን ማኅበር ቤቶች እንዴት እንዳቃጠሉ ለሚያስታውስ ኢጣሊያዊ፣ ትርጕሙ የተሰወረ አልነበረም። ከሳምንት በኋላ እጅግ ብዙ ሕዝብ በሮም አደባባይ ወጥቶ ማኅበሩን ደገፈ። በዲሴምበር 2023 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሮቤርቶ ፊዮሬንና ጁሊያኖ ካስቴሊኖን ጨምሮ መሪዎቹን ከ8 ዓመት በላይ በሆነ እስራት ቀጣ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ከዚህ ሁሉ ሁለት የተሳሳቱ ትምህርቶች ሊወሰዱ ይችላሉ። የመጀመሪያው «የተቃወመ ሁሉ ፋሺስት ነበር» የሚል ነው። ይህ ሐሰት ነው፤ ደግሞም አደገኛ ነው። ቅን ቅሬታ ያለውን ሰው ፋሺስት ብሎ የሚያባርር መንግሥት፣ ሰውዬውን በገዛ እጁ ለፋሺስቱ ያስረክበዋል። ሁለተኛው «ደንብ ሁሉ ትክክል ነበር» የሚል ነው። ይህም ሐሰት ነው። የባየርን ክፍለ አገር በ2020 ጸደይ ሰዎች ከቤት እንዳይወጡ ያወጣው ደንብ ከመጠን ያለፈ እንደነበረ የፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2022 ወስኗል። ልብ ይበሉ፤ ይህ የተገኘው በክስ ማመልከቻና በዳኛ ፊት ክርክር እንጂ በችቦ አይደለም።

እንግዲህ ወደ አደባባይ የሚወጣ ሰው ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበቃዋል። አንደኛ፣ ይህን ሰልፍ የጠራው ማን ነው? ስሙንና ኀላፊነቱን ያስታወቀ ነው ወይስ በስልክ መልእክት የተደበቀ? ሁለተኛ፣ ከመድረኩ የሚነገረው የትኛው ደንብ እንዲለወጥ ነው? ወይስ የትኛው ዘር እንዲጠላ ነው? ሦስተኛ፣ አጠገቤ ክፉ ምልክት ሲነሣ አዘጋጆቹ ምን ያደርጋሉ? ያስወግዱታል ወይስ ዝም ይላሉ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ መልሱ ከአዘጋጁ ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ሰው ይፈለጋልና። በኖቬምበር 21 ቀን 2020 በሃኖቨር ከተማ በተደረገው ሰልፍ አንዲት የ22 ዓመት ወጣት ከመድረክ ላይ ሆና ራሷን ከሶፊ ሾል ጋር አስተካከለች። ሶፊ ሾል ሂትለርን የሚቃወም ወረቀት በመበተኗ በ1943 በ21 ዓመቷ አንገቷ የተቀላ የሙኒክ ተማሪ ናት። ተናጋሪዋ ንግግሯን ገና ሳትጨርስ የሰልፉ ሥርዓት አስከባሪ የነበረ አንድ ወጣት ወደ መድረኩ ቀረበ። ለእንዲህ ያለ ከንቱ ነገር ጥበቃ አልሠራም ብሎ፣ ለብሶት የነበረውን የአስከባሪ ሰደርያ ለእርሷ አስረክቦ ሄደ።

ይህ ወጣት ማንንም አልመታም፤ ረጅም ንግግርም አላደረገም። ከዚህ ወዲያ አልሄድም የሚልበትን መስመር አውቆ፣ መስመሩ ሲታለፍ ሰደርያውን አወለቀ። አንባቢ ሆይ! እርስዎም በተማሪ ማኅበር ቢሆን፣ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ቢሆን፣ ያን መስመር ሰልፉ ሳይጀመር በፊት በልብዎ አስምረው ይያዙ። ሕዝብ ሲተም ለማስመር ጊዜ የለም።